ነርሷ ስትጠይቅ፦ በልጅ ላይ ጉዳት ሲጠረጠር ባለሙያዎች ምን ያያሉ? ምንስ ያደርጋሉ?

ለወላጆችና ለሽማግሎች የተደረገ ንግግር

 

የዛሬው ርዕስ ከባድ ነው። ስለ ስኳር በሽታ ወይም ስለ ደም ግፊት ስንነጋገር ሁሉም ይጠይቃል። በልጆች ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ሲነሣ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ነገሩ ገበና ነው፤ ገበና ደግሞ ይሸፈናል እንጂ አደባባይ አይወጣም ተብለን አድገናል። ሁለተኛ፣ «ሶሻል ቤት ከገባች ልጆቻችንን ትወስዳለች» የሚል ፍርሃት በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ አለ። ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ነርስ ወይም አስተማሪ ስለ ልጃችን አንድ ጥያቄ ስትጠይቀን እንደነግጣለን፣ እንቆጣለን፣ ወይም አጭር መልስ ሰጥተን ዝም እንላለን። ዝምታችን ደግሞ ጥርጣሬውን ያባብሰዋል።

ስለዚህ ባለሙያዎቹ ምን እንደሚመለከቱ፣ ለምን እንደሚጠይቁና ከጠየቁ በኋላ ምን እንደሚሆን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1989 የእስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ ልጆችንና ራሳቸውን መጠበቅ የማይችሉ ሰዎችን ከጉዳት የሚከላከል ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት፣ አንድ ልጅ እርሱን የመጠበቅ ኃላፊነት ባለበት ሰው ተጎድቷል ብሎ ለማሰብ በቂ ምክንያት ያለው ማንኛውም ሰው፣ ሳይዘገይ ለዚህ ለተሾመ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ወይም ለፖሊስ ማመልከት አለበት። ይህን ያላደረገ ሰው እስከ 3 ወር እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ሐኪም፣ ነርስ፣ አስተማሪ፣ ሳይኮሎግና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ እስከ 6 ወር ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሕጉ «ማስረጃ ያለው» አላለም፤ «በቂ ምክንያት ያለው» ነው ያለው። ማጣራት የሌሎች ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ የጢፓት ሐላቭ ነርስ ብታውቃችሁም፣ ብትወዳችሁም፣ ቡና ብትጠጣም፣ በቂ ምክንያት ካላት ዝም ማለት አይፈቀድላትም። የምታመለክተው ስለጠላቻችሁ አይደለም።

ከዚያ በኋላ በ2000 ሌላ ለውጥ መጣ። በዚያ ዓመት በጥር ወር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወላጅ ልጁን «ለመቅጣት» ብሎ መምታት በሕግ የማይፈቀድ መሆኑን ወሰነ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ዶሪት ቤኒሽ ናቸው። በዚያው ዓመት ክኔሴት ለወላጅና ለአስተማሪ መከላከያ ይሆን የነበረውን የቆየ የሕግ አንቀጽ ሠረዘ። እንግዲህ ሕጉ የተለወጠው ለእኛ ብቻ አይደለም። እዚህ የተወለዱትም ወላጆች በቀበቶ ይመቱ ነበር፤ እነርሱም እንደ እኛ መለወጥ ግድ ሆነባቸው።

ባለሙያዎች ምን ይመለከታሉ?

ልጅ ይወድቃል፣ ይጋጫል፣ ጉልበቱ ይላጣል። ነርስ ይህን አይታ አትደነግጥም። የሚሮጥ ልጅ ቅልጥሙ ላይ፣ ጉልበቱ ላይ፣ ግንባሩ ላይ ቢበልዝ የተለመደ ነው። ጥያቄ የሚያስነሣው ልጅ ሲወድቅ በማይመታበት ቦታ ላይ ያለ ምልክት ነው፤ ጆሮ፣ አንገት፣ ጀርባ፣ ሆድ፣ ጭን በውስጥ በኩል። ገና የማይድኽ ሕፃን ላይ የሚታይ ብልዝ ደግሞ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ቅርጹም ይታያል። የታጠፈ ገመድ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ የሰንበሩን ቅርጽ ቆዳ ላይ ይተዋል፤ ቀበቶም እንዲሁ። የፈላ ውኃ በድንገት ሲደፋ ይረጫል፣ ቃጠሎውም ወጣ ገባ ይሆናል። እግር በሙቅ ውኃ ውስጥ ተይዞ የተቃጠለ ከሆነ ግን ካልሲ ያጠለቀ ይመስል ዙሪያውን እኩል መስመር ይታያል።

ከሁሉ በላይ ግን ባለሙያዋ የምታመዛዝነው ታሪኩን ከጉዳቱ ጋር ነው። የተነገረው ነገር ይህን ጉዳት ሊያደርስ ይችላል ወይ? የልጁ ዕድሜ ከታሪኩ ጋር ይስማማል ወይ? አባት አንድ፣ እናት ሌላ ይናገራሉ ወይ? ሕክምና ለመምጣት ለምን ሁለት ቀን ተጠበቀ? እነዚህን ጥያቄዎች የምትጠይቀው እኛን ብቻ ሳይሆን ሩሲያኛ ተናጋሪውንም፣ ዓረብኛ ተናጋሪውንም፣ እዚህ የተወለደውንም ነው።

ጉዳት ሁሉ ግን በሰውነት ላይ አይታይም። አስተማሪ የምታየው ሌላ ነው፤ ደስተኛ የነበረ ልጅ ድንገት ዝም ሲል፣ ትምህርቱ ሲወድቅ፣ ቤት መሄድ ሲፈራ፣ አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ሲጀምር፣ ከዕድሜው በላይ የሆነ የወሲብ ነገር ሲናገር። እነዚህ ምልክቶች በሌላ ምክንያትም ሊመጡ ይችላሉ። አያት ሞተው ይሆናል፤ ቤተሰቡ ቤት ቀይሮ ይሆናል፤ ልጁን በቀለሙ የሚሰድቡት ልጆች ክፍል ውስጥ ይኖሩ ይሆናል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ በአንድ ምልክት ብቻ አትፈርድም፤ ትጠይቃለች።

ልጅን ችላ ማለትም ጉዳት ነው። በጎንደር መንደራችን የሰባት ዓመት እኅት ታናሿን አዝላ ትውል ነበር፤ ነገር ግን በየደጁ አክስት ነበረች፣ ጎረቤት ነበረች፣ መንደሩ ሁሉ ዓይኑ ልጅ ላይ ነበር። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ ከተዘጋ ማንም አያይም። በዚህ አገር ሕግ ዕድሜው 6 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ያለ ተገቢ ጠባቂ ትቶ ለአደጋ ማጋለጥ ወንጀል ነው። የጽዳት ሥራ የሚጀምረው ከንጋቱ በፊት መሆኑን አውቃለሁ። ልጆቹን የሚይዝ ሰው ከሌለ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ መፍትሔ አብረን እንፈልግ።

ባለሙያዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ፍርሃታችን ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ባለሙያ ሰው ነው፤ የማያውቀውን ነገር ሲያይ ሊሳሳት ይችላል። ስሕተቱን የምንከላከለው ደግሞ እኛው በመናገር ነው።

አንደኛው የትውልድ ምልክት ነው። ብዙ ልጆቻችን ከወገባቸው ዝቅ ብሎ ወይም መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ ወይም ግራጫ የሚመስል ምልክት ይዘው ይወለዳሉ። አይጎዳም፣ አያምም፣ ከዓመታት በኋላም ብዙውን ጊዜ እየደበዘዘ ይጠፋል። ጠይም ቆዳ ያላቸውን ሕፃናት ማየት ያልለመደ ሰው ግን ብልዝ ይመስለዋል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው የጢፓት ሐላቭ ጉብኝት ምልክቱን ለነርሷ አሳዩና በልጁ መዝገብ እንዲጻፍ ጠይቁ። ሕፃኑን ለሞግዚት ወይም ለመዋያ ስትሰጡም አሳዩ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ከብዙ ጭንቀት ያድናል።

ሁለተኛው የባህል ሕክምና ጠባሳ ነው። ከእኛ መካከል በልጅነቱ ቅንድቡን የተበጣ፣ ሰውነቱን በጋለ ብረት የተተኮሰ፣ እንጥሉን የተቆረጠ አለ። ወላጆቻችን ያደረጉት ሊያድኑን ብለው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ አሮጌ ጠባሳ ካለ መቼና ለምን እንደተደረገ ሳትፈሩ ንገሩ። ነገር ግን ይህን ዛሬ እዚህ ማድረግ ሌላ ነው። ልጅን መተኮስ ወይም መብጣት ጉዳት ነው፤ ነርሷም ማመልከት አለባት። ነጭ ሽንኩርት ወይም ፌጦ ወቅጦ የሕፃን ቆዳ ላይ አስሮ ማሳደርም ቆዳውን እንደ እሳት ሊያቃጥል ይችላል።

ሦስተኛው ጨዋነታችን ነው። እኛ ልጆቻችንን ያስተማርናቸው ታላቅ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ነው። እዚህ ግን ዓይን የሰበረ ልጅ የፈራ ወይም የሚደብቅ ነገር ያለው ይመስላል። እኛ ደግሞ «አዎ» ለማለት አየር ወደ ውስጥ እንስባለን፤ ዕብራይስጥ ተናጋሪው ይህን መልስ ነው ብሎ አያውቅም፣ ጥያቄውን ደግሞ ደጋግሞ ይጠይቃል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ በቃል መልሱ፤ «አዎ» ወይም «አይደለም» በሉ።

ከዚህም ጋር ስለ ቋንቋ አደራ እላችኋለሁ። ዕብራይስጥ በደንብ ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች በሕሙማኑ ቋንቋ አገልግሎት እንዲያዘጋጁ አዟል። ልጁ ራሱ ወይም ታላቅ እኅቱ እንድታስተረጉም ግን ፈጽሞ አትፍቀዱ። ልጅ በገዛ ወላጁ ጉዳይ መካከል መቆም የለበትም። ያልገባችሁን ወረቀትም አትፈርሙ።

ጥርጣሬ ሲኖር ምን ይደረጋል?

በመጀመሪያ ነርሷ ወይም ሐኪሙ ልጁን ይመረምራሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን ይጽፋሉ። አንዳንድ ጊዜ ልጁን ብቻውን ያነጋግራሉ። ይህ የተለመደ አሠራር ነው፤ አትቀየሙ። በየሆስፒታሉም እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚመለከት ኮሚቴ ስላለ ባለሙያው ብቻውን አይወስንም፣ ያማክራል።

በቂ ምክንያት ካለ ጉዳዩ በአካባቢው ወደሚገኘው የወጣቶች ሕግ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ይሄዳል። በዕብራይስጥ ኦቬድ ሶሲያሊ ለሖክ ሃኖዓር ይባላል። ሥልጣኑን ያገኘው በ1960 ከወጣው የወጣቶች ሕግ ነው። ይህ ሠራተኛ ልጁ አሁን አደጋ ላይ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ያጣራል። ጉዳዩንም ከአስተያየቱ ጋር ለፖሊስ ያስተላልፋል። ለልጁ የሚበጀው ያለ ፖሊስ መርዳት ነው ብሎ ካመነ ግን ለዚህ የተቋቋመ ኮሚቴ አለ፤ ኮሚቴው ከፈቀደ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ላይሄድ ይችላል።

የወንጀል ምርመራ ካለና ልጁ 14 ዓመት ያልሞላው ከሆነ የሚያነጋግረው ለዚህ የሠለጠነ የልጆች መርማሪ ነው። ይህ አሠራር በ1955 በወጣ ሕግ የተጀመረ ነው። ልጁን ከፍርድ ቤት ፍጥጫ ለማዳን የተደረገ ነገር ነው።

አሁን ሁላችሁም የምትጠብቁት ጥያቄ፦ «ልጁን ይወስዱታል ወይ?» እውነቱን ልንገራችሁ። የሚወሰድበት ጊዜ አለ። ለሕይወቱ ወይም ለጤናው አስቸኳይ አደጋ ካለ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ወላጅ ባይስማማም አስቸኳይ እርምጃ ሊወስድ ይችላል። ይሁን እንጂ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ከ7 ቀን በላይ ሊቆይ አይችልም። ከዚያ በኋላ የወጣቶች ፍርድ ቤት ወላጆችን ሰምቶ ይወስናል። ጠበቃ የማቆም መብት አላችሁ፤ አቅም ከሌላችሁም የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ድጋፍ ክፍልን ጠይቁ። ልጅን ከቤቱ ማውጣት የመጨረሻው እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ አለ፦ ለወላጅ ምክርና ሥልጠና፣ ለልጁ ከትምህርት በኋላ ምሳና ጥናት የሚያገኝበት ሞዓዶኒት፣ ለቤተሰቡ የሥነ ልቡና ሕክምና። ይህ ሁሉ በሚታቀድበት ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ ተናገሩ፤ ከፈለጋችሁ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ለመምጣት ጠይቁ። ስብሰባውን ማኩረፍ ውሳኔውን ለሌሎች መተው ነው።

«ታዲያ ልጅን እንዴት እናሳድግ?»

«ሕጉ እጃችንን አሰረው፤ ልጁ ‹ሚሽታራ እጠራለሁ› ይለናል» የሚሉ አባቶችን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሕመሙ ይገባኛል። ዕብራይስጡን የሚያውቀው ልጁ፣ ደብዳቤውን የሚያነበው ልጁ፣ አሁን ደግሞ ሕጉም የእርሱ ሲመስል፣ አባት በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል።

ነገር ግን ሕጉ የከለከለውን ለይተን እንወቅ። መምታትን፣ በአለንጋና በቀበቶ መግረፍን፣ በበርበሬ ማጠንን፣ ማስራብንና ማዋረድን ከልክሏል። «አይሆንም» ማለትን አልከለከለም። ወደ መኪና መንገድ የሚሮጥን ልጅ ክንዱን ይዞ ማስቆምን አልከለከለም። ስልኩን መውሰድን፣ መውጣትን መከልከልን፣ የማታ መግቢያ ሰዓት መወሰንን አልከለከለም። ልጁ «ፖሊስ እጠራለሁ» ቢላችሁ ሳትጮኹ «ጥሩ፣ እኔም የምደብቀው የለኝም፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ውጪ አይታደርም» በሉት። ወላጅ የሚከበረው ቃሉን ሲጠብቅ ነው። ዛሬ ከልክሎ ነገ የሚፈቅድ ወላጅ ዱላ ቢይዝም አይሰማም።

የትናንሽ ሕፃናት ወላጆች ደግሞ ይህን አትርሱ። ሕፃን ሲያለቅስ በንዴት መነቅነቅ አንጎሉን ሊያደማና ሊገድለው ይችላል። ትዕግሥታችሁ ካለቀ ሕፃኑን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኙት፣ ከክፍሉ ውጡ፣ ሰው ጥሩ። ማልቀስ አይገድለውም።

ለሽማግሎች ያለኝ ልመና

የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው፣ አባቶቼ። ሽምግልና ስንት ትዳር አቁሟል፣ ስንት ጠብ አብርዷል። በዚህ ጉዳይ ግን ወሰን አለው። ልጅ የደፈረን ሰው ከልጁ ቤተሰብ ጋር ማስታረቅ አይቻልም። ካሣ ተቀብሎ መተውም፣ «ለስማችን ሲባል ዝም እንበል» ማለትም አይቻልም። ሰውየው ዘመድ ወይም የታወቀ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ልጆችን የሚጎዳ ሰው ብዙውን ጊዜ ልጁ የሚያውቀውና የሚያምነው ነው። ዝም ከተባለ ወደ ሌላ ልጅ ይሄዳል።

ልጅ መጥቶ ቢነግራችሁ አድምጡት። «ጥሩ አደረግህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉት። ብዙ አትጠይቁት፤ መጠየቅ የመርማሪው ነው። ለማንም አልናገርም ብላችሁ አትማሉለት። የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፉ። የተጠረጠረውን ሰው ሄዳችሁ አትጋፈጡ። ድርጊቱ በቅርብ የተፈጸመ ከሆነ ልጁን ሳታጥቡ፣ ልብሱንም ሳታጥቡ፣ ቶሎ ሆስፒታል ውሰዱት። በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰ በሽታ የሚከላከል መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። የነርስነት ትምህርት ስማር በሰፈራችን የአንዲት ልጅ ጀርባ ላይ የገመድ ሰንበር አየሁ። እናቷ ደረጃ ላይ ወደቀች አለችኝ። ውሸት መሆኑን አውቄአለሁ፤ ከመጽሐፌ ላይ ያንኑ ሰንበር ባለፈው ሳምንት አጥንቼዋለሁ። ግን ዘመድ ናቸውና ይሉኝታ ያዘኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጅቷ ክንዷ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባች። ያኔ ብናገር ኖሮ እናቲቱም እርዳታ ታገኝ ነበር፤ ብቻዋን አራት ልጆች የምታሳድግ የደከመች ሴት ነበረች እንጂ ክፉ ሰው አልነበረችም። ይህን የምነግራችሁ እናንተ እንደ እኔ እንዳትጸጸቱ ነው።

አስቸኳይ አደጋ ሲኖር ለፖሊስ 100፣ ለአምቡላንስ 101 ደውሉ። ለማማከር የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ስልክ 118 አለ። በኢንተርኔትና በስልክ ልጆች ላይ ለሚደርስ ጥቃት ደግሞ 105 ነው። ወይም ወደ ነርሳችሁ ወይም ወደ እኔ ኑ፤ በአማርኛ እንነጋገር። እኔም በዚያው ሕግ ሥር መሆኔን ግን አልደብቃችሁም፤ ማመልከት ካለብኝ አስቀድሜ እነግራችኋለሁ፣ እስከ መጨረሻውም አብሬአችሁ እሆናለሁ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ለትልቅ ሰው የተነገረው ለልጅ ይበልጥ እውነት ነው፤ ልጅ በሽታውን የሚደብቀው ራሱ ሳይሆን እኛ ነንና።

 እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ይባርክ። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ በሕዝብ ፊት ለመጠየቅ የሚከብደው ካለ ደግሞ ስንጨርስ እዚሁ እቆያለሁ።